ክር የታሰረበት ድስት

ኢንስፔክተር ኣምለሰት ሓድነት ሰፈር ወደሚገኘው የገዛኢ ግቢ ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗን የሳበው ሬሳው ሳይሆን ውኃው ነበር። ጀሪካኖቹ ሞልተው፣ በርሜሉም ሞልቶ፣ ቧንቧው በግቢው ላይ ያለ ከልካይ ይወርዳል። ውኃ በስንት ጊዜው አንዴ ብቅ በሚልባት መቀሌ ቧንቧ ከፍቶ የሚረሳ ሰው ካለ፣ እዚያ ቤት ከባድ ነገር ደርሷል ማለት ነው። ቧንቧውን ዘጋችና ወደ ሰዎቹ ዞረች።

ገዛኢ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ነጠላ ተጥሎበት ተጋድሟል። ስድሳን የተሻገረ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ነጠላውን ስትገልጠው ግን ፊቱ የቀጭን ሰው ፊት አልነበረም። ከንፈሩና የዓይኑ ሽፋን አብጠዋል፤ አንገቱም ቀልቷል። ቀኝ እጁ ግራ ደረቱ ላይ ሸሚዙን እንደጨበጠ ቀርቷል።

«ልቡ ነው» አለ ከኋላዋ አንድ ጎርናና ድምፅ። «ደረቱን ይዞ ነው የወደቀው።»

ተናጋሪው ሕሉፍ ነበር፤ የሟች የወጣትነት ጓደኛ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ዕቃ የሚያስጭንና የሚያስወርድ ደንዳና ሽማግሌ። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ልብ አይደለም!» ብላ ጮኸች የሟች እህት ኣስካል። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እስከ ምሳ ድረስ ይስቅ ነበር! ያቺ ናት ያበላችው! ከአገሯ ይዛው የመጣችው መዓት ነው!»

«ያቺ» የተባለችው ራኬብ ከማዕድ ቤቱ ደጃፍ ሽርጧን እንዳሰረች ደርቃ ቆማለች። የገዛኢ ልጅ የሓየሎም ሚስት፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። በዚህ ቤት ገበታ ላይ አማርኛ የሚነገረው ለእሷ ሲባል ነበር፤ ዛሬ ኣስካል እርግማኑንም በአማርኛ ያወረደችው ደኅና አድርጋ እንድትሰማው ነው። ሓየሎም በሚስቱና በአክስቱ መካከል ቆሞ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶታል።

ኣምለሰት ራኬብን ይዛ ወደ ማዕድ ቤቱ ገባች። ምድጃው ላይ አራት ድስቶች አሉ። ሁለቱ ሩዝ የበሰለባቸው፣ ሁለቱ የመረቅ ናቸው። ከመረቆቹ አንዱ ተሟጥጦ ከሥሩ የሽሪምፕ ልጣጭ ብቻ ቀርቷል። ሌላው፣ እጀታው ላይ ነጭ ክር የታሰረበት፣ ካሮትና ሴለሪ ተንሳፍፎበት እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። መክተፊያው ላይ ዝኩኒ፣ ፓርስሊና በሶብላ ተበታትኗል።

«ምን ነበር የምታበስይው?»

«ሪዞቶ ነው» አለች ራኬብ። «የጣልያን የሩዝ ወጥ በይው። በቁሓ መንገድ ምግብ ቤት ልከፍት ነበር፤ ለመንገደኛ፣ ለዚህ ለሙቀቱ ሰሞን የሚሆን ቀለል ያለ ነገር። ቤተሰቡ እንዲቀምስልኝ ብዬ ነው። ለኛ በባሕር ነገር፣ በሽሪምፕና በካላማሪ፣ ለአባባ ግን በአትክልት ብቻ። አባባ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገር አይበላም። የሱ እንዳይነካካ ብዬ በሩዙም በመረቁም ድስት፣ በጭልፋውም ላይ ክር አሰርኩ።»

«ሁሉንም ያበሰልሽው አንቺ ነሽ?»

ራኬብ አንገቷን ደፋች። «ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ ሩዙን ዘይት አስነካሁ። ልክ የመጀመሪያውን መረቅ ልጨምር ስል ‹ውኃ መጣ!› ተባለ። ሪዞቶ ጥለውት የሚሄዱት ነገር አይደለም፣ ውኃውም አይጠብቅም። ኣቦይ ሕሉፍ ‹እኔ አለሁ፣ ሂጂ› አለኝ። ጭልፋዎቹን ሰጥቼው ወጣሁ። ስመለስ ምግቡ ቀርቧል። ኢንስፔክተር፣ ሳልቀምሰው ነው የወጣው። እኔ ሳልቀምስ ምግብ አውጥቼ አላውቅም።»

ኣምለሰት ማዕድ ቤቱ እንዳለ እንዲታሸግ፣ ከድስቶቹም ጠብታ እንዳይደፋ አዘዘች። በሩ ላይ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ማጉረምረም ስለጀመረ ራኬብን ወደ ጣቢያ ወሰደቻት። «ለደኅንነቷ ነው» አለች ለሓየሎም። ሰፈሩ ግን ለዚህ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ታሰረች።

በማግስቱ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ራሱን ነቀነቀ። «መርዝ የለም። ጉሮሮው ከውስጥ አብጦ ተዘግቶ ነው የሞተው። አለርጂ ያለበት ሰው እንዲህ ይሆናል። አንዱን ኦቾሎኒ ይጥለዋል፣ ሌላውን እንቁላል፣ ሌላውን የባሕር ነገር።»

«ሆዱ ውስጥ ምን አገኘህ?»

«ሩዝ፣ አተር፣ ዝኩኒ። አንዲት ቁራጭ ሽሪምፕ የለም።»

አዛዥዋ ግን ይኼ ሁሉ አልጣመውም። «ያበሰለች እሷ፣ የሞተው አማቷ። ምግብ ቤቱን እንዳልወደደላት ሰፈሩ ያውቃል። ሰኞ ፍርድ ቤት አቅርቢያት።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችው ኣምለሰት። «እኔ ገና ጠርጥሬ አልጨረስኩም።»

ከአዛዥዋ ቢሮ ስትወጣ ግን ስለ ራኬብ አሰበች። አንዲት ሴት ያለ ወገን በተቀመጠችበት ከተማ፣ የአማቷን ሞት ተሸክማ አንዴ ወህኒ ከወረደች በኋላ ነጻ ናት ቢባል እንኳ ማን ያበሰለችውን ይቀምሳል? ጊዜው ደግሞ አጭር ነው።

ሕሉፍን ያገኘችው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ለቀብር የሚመጡ ዘመዶችን ሊቀበል መጥቶ፣ የመኪናውን የኋላ ወንበር ያስለቅቃል። ባዶ የዓሣ ሳጥኖችን እያነሳ ወደ ዕቃ መጫኛው ይወረውራል። ከሳጥኖቹ ሥር አንድ ቡናማ ኮት ነበር፤ እሱን ግን አልወረወረውም፤ አጣጥፎ በቀስታ አስገባና ክዳኑን ዘጋ።

«ኣቦይ ሕሉፍ፣ ከሟቹ ጋር የት ነው የተዋወቃችሁት?»

«ዓሰብ። ጢማችን ሳይበቅል ወደብ ላይ ዕቃ ስንሸከም» አለ። «አንድ ፍራሽ ላይ ነው የተኛነው ጓለይ፣ ልጄ። እንደ ወንድም ብልሽ አይገልጸውም።»

«ሽሪምፑን ያመጡላት እርስዎ ነዎት?»

«እወ፣ እኔ ነኝ። በአውሮፕላን የመጣውን ሳጥን ተቀብዬ አደረስኩላት። ልጅቷን እወዳታለሁ፤ እጇ ላይ ክፋት አይቼ አላውቅም። ግን የሰው ልብ ማን ያውቃል?»

ኣምለሰት ይቺን «ግን» በልቧ ያዘቻት። «ገዛኢ ለምንድን ነው የባሕር ነገር የማይበላው?»

«ሃይማኖት ነዋ! እሱ እኮ ዓሰብ እያለንም የተከለከለ ነገር በአፉ አዙሮ አያውቅም። ‹አንተ ቅስና ነው የሚሻልህ› እያልኩ እቀልድበት ነበር።»

«ውኃው ሲመጣ ምድጃው ጋ የቀሩት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«አዎ። መረቅ ጨምር፣ አማስል አለችኝ፤ ጨመርኩ፣ አማሰልኩ። ክር ያለበትን ክር ላለበት፣ የሌለውን ለሌለው። ሽማግሌ ብሆንም ክር አይጠፋኝም።» ደክሞት መኪናው ላይ ተደገፈ። «ሳህኑን ለሱ ያቀረበችው ደግሞ እህቱ ናት፤ እኔ አይደለሁም።»

ይህን የተናገረው ሳይጠየቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኣምለሰት ወደ ለቅሶው ሄደች። ድንኳኑ ሞልቷል። ሴቶቹ የገዛኢን ፎቶ ከፍ አድርገው ይዘው ያለቅሳሉ፤ አንዷ ሸሚዙን፣ ሌላዋ ባርኔጣውን ታወዛውዛለች። ኣስካል ግን ከመካከላቸው ወጥታ ጥግ ላይ በንዴት ተቀምጣለች።

«ኣደይ ኣስካል፣ ምን ሆኑ?»

«ኮቱ የለም!» አለች። «በሟች ልብስ ነው የሚለቀሰው። ኮቱን ይዤ ካላለቀስኩለት ምኑን እህት ሆንኩት? ቤቱን ገለበጥኩት፣ የለም።»

«ምን ዓይነት ኮት ነው?»

«ቡናማ። ክርኑ ሲያልቅ ቆዳ የጣፍኩለት እኔ ነኝ። በዚህ በሚያነድ ሙቀት እንኳ ከእጁ አይለየውም። ‹ሓወይ፣ ላብህን ልታጠምቅበት ነው?› እያልኩ እስቅበት ነበር። ያን ቀን አውልቆ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ሰቅሎት አይቻለሁ።»

ኣምለሰት የመኪናው ዕቃ መጫኛ ሲዘጋ የሰማችው ድምፅ በጆሮዋ ተመለሰ። ፊቷ ላይ ግን ምንም አላሳየችም።

«ሳህኑን ያቀረቡለት እርስዎ ነዎት አሉ።»

የኣስካል ዓይን ፈጠጠ። «እኔ ነኝ! ሕሉፍ ጨልፎ ሰጠኝ፣ እኔ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ቅጠሉን በተንኩበት። ቤቱ ሁሉ የባሕሩን ሽታ ይሸታል፤ ለዚህ ነው እሱ ከዛፉ ሥር የተቀመጠው። ያ መረቅ ሲፈላ ማዕድ ቤት እንኳ አይገባም። የሱ እንደ ገንፎ ለስልሶ ነበር። የኛው ግን ጥሬ! በጥርሴ መካከል ይንቀጫቀጫል። የጣልያን ምግብ እንዲህ ነው ብለን ዋጥነው።»

«ወንድምዎ ለሃይማኖቱ ጥብቅ ስለሆነ ነው የባሕሩን የማይበላው?»

በዚያ ሐዘን መካከል ኣስካል ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አፏን ያዘች። «ገዛኢ? ዓሰብ ሳሉ ከሕሉፍ ጋር የግመል ሥጋ በልተው መጥተው፣ ነፍስ አባታችን ንስሐ ሲሰጧቸው እናታችን አኩርፋ ሰነበተች እኮ። ስንት ጉድ የበላ ሰው፣ ሸምግሎ ለባሕር ትል ሕግ ሲጠቅስ፣ ‹ግመል ሰርቆ አጎንብሶ› እያልኩ እተርተው ነበር።»

«ከሕሉፍ ጋር ነው የበሉት?»

«ከማን ጋር ይሁን? ሁለቱ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ?» ኣስካል ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሕሉፍን እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ ሽሻይ በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ላይ ሲሞት ዓይኑን የጨፈነልኝ፣ በእጁ የቀበረልኝ እሱ ነው። መቃብሩን ወስዶ አሳየኝ። እዚያ ሄጄ ስለማለቅስ ነው እስካሁን ሰው የሆንኩት።»

ኣምለሰት ተነስታ ልትሄድ ስትል ኣስካል እጇን ያዘቻት። «ሰሞኑን ገዛኢ ከፍቶት ነበር ጓለይ። ‹በጰራቅሊጦስ አንድ ነገር ትሰሚያለሽ፤ ከእኔ አፍ ግን አይሆንም› አለኝ። ምን ሊሆን ይችላል?»

ኣምለሰት አላወቀችም ነበር። ቢሆንም ከድንኳኑ እንደወጣች ሳጅን ታመነን ጠርታ የሕሉፍን መኪና ከዓይኑ እንዳይለይ አዘዘችው።

ከዚያ ራኬብን ከጣቢያ አውጥታ ወደ ታሸገው ማዕድ ቤት መለሰቻት። ሓየሎምም አብሯቸው ገባ። «አብስይልኝ» አለቻት። «የአትክልቱን ብቻ። ያን ቀን እንዳደረግሽው።»

ራኬብ መጀመሪያ ማንኪያ መያዝ አቅቷት ነበር። ከዚያ ሽንኩርቱ መቁላላት ሲጀምር እጇ ራሱን አስታወሰ። በአዲስ ድስት ያፈላችውን የካሮትና የሴለሪ መረቅ በጭልፋ ጨመረች፤ አማሰለች። ሩዙ ጠጣው። ደግሞ ጨመረች፤ ደግሞ ጠጣ። አተሩንና ዝኩኒውን ከተተች። ኣምለሰት ከሩዙ ይልቅ መረቁን ነበር የምታየው። እስከ አንገቱ ሞልቶ የነበረው ድስት እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄደ።

«ስንት ጭልፋ ነው የሚፈልገው?»

«እስኪጠግብ ነው እንጂ ቁጥር የለውም» አለች ራኬብ። «ሩዙ መረቅ ካልጠጣ ድንጋይ ነው።»

«እሺ። ያን ቀን ክር ከታሰረበት ድስት ስንቴ ጨልፈሽ ነበር?»

«አንድም። ልጨልፍ ስል ነው ውኃው የመጣው።»

ኣምለሰት ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳልተነኩት ድስቶች ጠቆመች። ክር የታሰረበት ድስት፣ መረቁ ሻግቶ፣ አሁንም እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። «ታዲያ የአማትሽ ሩዝ ምን ጠጥቶ በሰለ?»

ጭልፋው ራኬብ እጅ ላይ ቆመ። ዓይኗ ከሙሉው ድስት ወደ ባዶው፣ ከባዶው ወደ ሙሉው ሄደ። «የልጣጩን መረቅ» አለች በሹክሹክታ። «ሁለቱም ከአንዱ ጠጡ። ለዚህ ነው የኛው ጥሬ የሆነው፤ አልበቃውም!» ከዚያ ሽርጧን ፊቷ ላይ ጭና አለቀሰች። «ብቀምሰው አውቀው ነበር። አንዴ ብቀምሰው!»

ሓየሎም ሊያቅፋት እጁን ዘረጋና አፈረ። ከታሰረች ጀምሮ ሊጠይቃት ሁለት ጊዜ ጣቢያው በር ድረስ ሄዶ ተመልሷል።

«ሓየሎም» አለችው ኣምለሰት። «ከአባትህ ጋር ስትጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። በምን ነበር?»

«አልተኛ ብሎኝ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ከዓብዪ ዓዲ አንዲት ነርስ ልትጠይቀው መጣች። ከሄደች በኋላ ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያድራል። ‹ምን ነገረችህ?› ብዬ ጮኽኩበት። ‹የኔ ምሥጢር አይደለም› አለኝ። ፍሬወይኒ ነው ስሟ።»

እሑድ ከሰዓት፣ ድንኳኑ ሊነሳ ሲል፣ ኣምለሰት ቤተሰቡን ከዘይቱኑ ሥር ሰበሰበች። ኣስካል ተቀመጠች፤ ከጎኗ ሕሉፍ። ሓየሎም ከሚስቱ ጋር ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ኣስካል ራኬብን ስታይ ፊቷን አዞረች። ሳጅን ታመነ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ከኋላው አንዲት ጎልማሳ ሴት አለች፤ ማን እንደሆነች አልተነገረም።

«ራኬብን ነገ ፍርድ ቤት አቅርቢ ተብያለሁ» አለች ኣምለሰት። «ከዚያ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ። ገዛኢን የገደለው መርዝ አይደለም። የሽሪምፕ ልጣጭ መረቅ ነው። ለኛ ምግብ ነው፤ ለሱ ግን ሞት ነበር። ሰውነቱ አይቀበለውም።»

«እኔ በሆዱ የያዘውን እንዴት ላውቅ?» አለች ኣስካል። «እሱ ሕግ ነው የሚያከብር…»

«ግመል የበላ ሰው፣ ኣደይ ኣስካል፣ ሽሪምፕ ሲሆን ብቻ ቄስ ይሆናል? ክንፍና ቅርፊቱ ሽፋን ነበር። እንዲህ ሲል ማንም ደግሞ አይጠይቀውም። እውነቱን ሊያውቅ የሚችል ያኔ ባሕር ዳር አብሮት የነበረ ሰው ብቻ ነው። እሱን ስጠይቀው ‹ሃይማኖት ነው፣ የተከለከለ ነክቶ አያውቅም› አለኝ። ግመሉን ግን አብረው ነበር የበሉት።»

ሁሉም ወደ ሕሉፍ ዞሩ። ሕሉፍ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የድሮ ነገር ነው፤ ረስቼ ነው።»

«ይሁን። ወደ ማዕድ ቤቱ እንሂድ። ውኃው ሲመጣ ራኬብ፣ ሓየሎምና ኣደይ ኣስካል ወደ ቧንቧው ሮጡ፤ ሦስቱም እርስ በርስ ተያይተዋል። ገዛኢ እዚህ ዛፍ ሥር ነበር። ምድጃው ጋ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ‹ክር ያለበትን ክር ላለበት› አሉኝ። ክር ያለበት መረቅ ግን አንድ ጭልፋ እንኳ አልጎደለም። ሩዙ ደግሞ እንደ ገንፎ ለስልሷል። ሁለቱንም ድስት ከልጣጩ መረቅ አጠጧቸው፤ ለሁለት ስለማይበቃም የሌሎቹ ሩዝ ጥሬ ቀረ።»

«ተሳስቼ ነዋ!» አለ ሕሉፍ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። «እኔ ወንድ ነኝ፣ ማዕድ ቤት ምን አውቃለሁ? ድስቱን አቀያይሬው ይሆናል።»

«ቢያቀያይሩትማ ክር ያለበት መረቅ ለባሕሩ ሩዝ በሄደና በጎደለ ነበር። እርስዎ አላቀያየሩም፤ አንዱን ፈጽሞ አልነኩትም።» ኣምለሰት ለታመነ ምልክት ሰጠች። ሳጅኑ አንድ ቡናማ ኮት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ክርኑ ላይ ቆዳ ተጥፎበታል።

«ኮቱ!» ብላ ኣስካል ተነሳች።

«በሕሉፍ መኪና ውስጥ ነበር። ገዛኢ በሙቀት እንኳ ከእጁ የማይለየው ለዚህ ነው።» ከውስጥ ኪሱ እንደ እስክሪብቶ ያለ መርፌ አወጣች። «ጉሮሮው ሲዘጋ ራሱን የሚወጋበት መድኃኒት ነው። ልቡን ይዞ የወደቀ መሰላችሁ። ልቡን አይደለም የያዘው፤ ኪሱን ነበር የሚፈልገው። ኪሱ ግን ከሰውነቱ ላይ የለም። እናንተ ውኃ ስትቀዱ ኮቱን ያነሳው ሰው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር።»

ኣስካል የማይገባውን ነገር እንደሚያይ ሰው ሕሉፍን ታየዋለች።

«ለምን?» አለች። «ሓወይ፣ ውሸት ነው በላት። ወንድምህን ለምን ትገድላለህ?»

በሩ ላይ የቆመችው ሴት ቀረብ አለች።

«ፍሬወይኒ እባላለሁ ኣደይ» አለች። «ነርስ ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ ገበሬዎች አንድ እግሩን የቆሰለ ልጅ በቃሬዛ አመጡልን። ሽሻይ ይባላል። መድኃኒት አልነበረንም፤ ቢሆንም ብዙ ቆየልን። መኪና በሰማ ቁጥር ቀና ይላል። ‹ኣቦይ ሕሉፍ ነው፣ ተመልሼ እወስድሃለሁ ብሎኛል› ይል ነበር። መጨረሻ ላይ ስምዎን ነገረኝ፤ ዘመዶቹን ፈልጌ ያገኘሁት ግን ሰሞኑን ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ወንድምዎን ነበር።»

ኣስካል ወደ ነርሷ ዞረች። «ልጄ… በእጁ ላይ አልሞተም?»

«መኪናው ሞልቶ ነበር» አለ ሕሉፍ። ያ ጎርናና ድምፁ ሟሟ። «ተኩስ ነበር። ልመለስ ነበር ኣስካል፣ ልመለስ ነበር። ሳልመለስ ስቀር ምን ልበልሽ? ቀበርኩት አልኩሽ። የማላውቀውን ሰው መቃብር አሳየሁሽ። አንቺ ደግሞ እጄን ሳምሽ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?»

«ገዛኢ ሲያውቅስ?» አለች ኣምለሰት።

«አልጮኸብኝም። ‹እኔ አልነግራትም፣ አንተው ንገራት፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ጠብቄሃለሁ› አለኝ። ሳህኑን ሲቀበል ሳቀልኝ። ኮቱን ልጥለው መንገድ ላይ አቁሜ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ያቺን ልጅ ይወስዷታል ብዬ አላሰብኩም። ሲወስዷት ግን ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለምዶብኝ ነው።»

የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ይባላል። ኣስካል አልጮኸችም፣ አልረገመችም። ታመነ ሕሉፍን ይዞ ሲወጣ ዞራም አላየችውም። ወደ ነርሷ ብቻ ነበር የምታየው።

«የት ነው የተቀበረው?»

«ከክሊኒኩ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ኣደይ። የአካባቢው ሰው ነው የቀበረው። እኔም ነበርኩ። አሳይዎታለሁ።»

ኣስካል ኮቱን ከጠረጴዛው አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። በክርኑ ላይ የጣፈችውን ቆዳ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው። ከዚያ ያለ ድምፅ፣ አንዴ ለወንድሟ አንዴ ለልጇ፣ እየተወዛወዘች ማልቀስ ጀመረች። ሓየሎም ተንበርክኮ እግሯን ያዘ። ራኬብ ግን ልቅረብ ወይስ ልራቅ እያለች ባለችበት ቀረች።

ይህን ጊዜ ከግቢው ጥግ ቧንቧው አጉረመረመ፤ አየር ተፋ፣ ከዚያ ውኃው መውረድ ጀመረ። ባዶ ጀሪካኖቹ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ራኬብ ብቻ እጇ ለምዶባት ብድግ አለች።

ኣስካል እንባዋን ሳትጠርግ እጇን ዘረጋችና የራኬብን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። ወደ ራሷ ሳበቻት፤ ከጎኗ፣ ሕሉፍ በተነሳበት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ተቀመጪ ጓለይ» አለቻት። «ይፍሰስ።»

ኣምለሰት ስትወጣ በቧንቧው አጠገብ አለፈች። ውኃው ጫማዋን ነካው፤ አልዘጋችውም።